ቡሽ አትሰጥምም

ካፒቴን ባሕር በሌለበት ከተማ ባሕር ልሥራ ብሎ ሲነሳ፣ ሰዉ «ጨው ናላው ላይ ወጥቶበታል» ብሎ ሳቀበት። እሱ ግን ሳቁን ከቁም ነገር አልቆጠረውም። ከከተማው ጫፍ፣ ከጡብ ፋብሪካው ጀርባ ያለውን ውሻ እንኳን የማይተኛበትን አቧራማ ሜዳ ገዝቶ ማስቆፈር ጀመረ። እኔ ያኔ የወተት ጥርሶቼ ገና መነቃነቅ መጀመራቸው ነበር። አባቴ ከሥራ ፈላጊዎቹ ጋር ሲሰለፍ ትከሻው ላይ አስቀምጦኝ ስለነበር ጉድጓዱን ከማንም በላይ ሆኜ አየሁት።

«ይሄ ሁሉ በውሃ ሊሞላ ነው?» አልኩት።

«እንግዲህ እንደዚያ ነው የሚሉት» አለኝ። ድምፁ ግን የሚያምን ሰው ድምፅ አልነበረም።

አባቴ ሐይቅ ዳር ያደገ ሰው ነው። በከተማችን መዋኘት የሚችል በጣት የሚቆጠር ስለነበር ካፒቴን ብዙ አላደረቀውም።

«ትዋኛለህ?»

«እዋኛለሁ።»

«ሰው ከውሃ አውጥተህ ታውቃለህ?»

«አውጥቼ አውቃለሁ።»

በቃ። ትናንት ገበያ ውስጥ ጆንያ ሲሸከም የነበረው ሰውዬ ቀይ ቁምጣ፣ ነጭ ካናቴራና ፊሽካ ተሰጠው። የሥራው ስም «ነፍስ አዳኝ» ነበር። እናቴ ይህን ስትሰማ ከት ብላ ሳቀች። «ለእኔ ሽንኩርት ማምጣት የሚረሳ ሰው የሰው ነፍስ ሊያድን!» አለች። ግን ካናቴራውን በየቀኑ ራሷ ነበረች የምትተኩሰው።

ካፒቴን ካፒቴን እንዳልነበረ የሰማሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ዕድሜውን በዕቃ ጫኝ መርከብ ወጥ ቤት ውስጥ ድንች ሲልጥ የጨረሰ ሰው ነበር። ለእኔ ግን ያ ነጭ ባርኔጣው፣ እየተንገዳገደ የሚራመደው አካሄዱ፣ ንግግሩን ሁሉ «ወንድሜ፣ ውሃ እኮ…» ብሎ መጀመሩ፣ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ልጅ የሌለው ሰው ነበር። ባሕር ላይ እያለ፣ የአገሩ ልጆች ሞገድ ምን እንደሆነ ሳያዩ ማደጋቸው ያንገበግበው እንደነበር እናቴ ትናገራለች። እውነት ይመስለኛል። ገንዘብ ብቻ የፈለገ ሰው እዚያ ሜዳ ላይ አይመጣም።

ውሃው የገባ ዕለት ግማሹ ከተማ አጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። መጀመሪያ ጭቃ የመሰለ ነገር ወጣ፤ ቀጥሎ ቧንቧው አስነጠሰ፤ ከዚያ ጥርት ያለው መጣ። አንድ አዛውንት ባርኔጣቸውን አውልቀው ሲያለቅሱ አየሁ። ሦስት ሸርተቴዎች ነበሩ፤ ሰማያዊው ለሕፃናት፣ ቢጫው ለጎረምሶች፣ ቀዩ ደግሞ ከፎቅ የሚስተካከል። ቀዩን ሰዉ «ነፍሴን አደራ» ብሎ ሰየመው። ወደ ላይ ሲወጡ የሚፎክሩ ጎልማሶች ከጫፉ ሲደርሱ ደረጃውን ይዘው «ልጄ ትጠብቀኛለች» እያሉ ይመለሱ ነበር። ከሁሉ የሚበልጠው ግን የሞገዱ ገንዳ ነበር። ደወል ይደወልና ከግድግዳው ሥር አንዳች ነገር ያጉረመርማል፤ ከዚያ ውሃው ከእንቅልፉ እንደነቃ ሰው ይነሳል።

እናቴም ልብስ መቀየሪያው ውስጥ የዋና ልብስ ማከራየት ጀመረች። እጇ ሁልጊዜ ክሎሪን ይሸት ነበር። ዛሬም የሆቴል መዋኛ አጠገብ ሳልፍ ሆዴን የሚያባባኝ ያ ሽታ ነው።

ቲኬት የምትቆርጠዋ ሴትዮ የእናቴ ጓደኛ ነበረች። እኔ «እትዬ ቲኬት» እላታለሁ፤ ስሜ ነው ብላ ተቀብላዋለች። ባል አልነበራትም። ያለቻት አንዲት ልጅ ናት፤ ከእኔ በሦስት ዓመት የምትበልጥ፣ ጉልበቷ ሁልጊዜ የተላላጠ፣ ፀጉሯ እንደ ገመድ የረዘመ። ገንዳው በተከፈተ ሰሞን ይህች ልጅ ዋና ሳትችል ጥልቁ ውስጥ ዘላ ገባች። አባቴ ሊያወጣት ሲወረወር እሷ ቀድማው ብቅ አለች፤ ጠለቅ ትላለች፣ ብቅ ትላለች። እንደዚያ እየሳቀች።

«ይቺስ ሰው አይደለችም፤ ቡሽ ናት!» አለ አባቴ። ስሟ በዚያው ቀረ።

ቡሽን እወዳት ነበር፤ እፈራትም ነበር። ነገረኛ ናት። እንደ እሷ ትንፋሼን ይዤ ውሃ ውስጥ መቆየት ስለማልችል «አንቺ ድንጋይ ነሽ» ትለኛለች። ሌላ ልጅ እንደዚያ ካለኝ ግን ጥርሱን ለማርገፍ ማንም አይቀድማትም።

የቅዳሜውን ትርኢት የፈጠሩት እሷና አባቴ ናቸው። ካፒቴን ሰዉ ደኅንነቱን አምኖ እንዲመጣ «እንዴት እንደምናድን እናሳያቸው» አለ፤ ቡሽ «የምሰጥመው እኔ ነኝ» ብላ እጇን አወጣች። አካሄዱ እንዲህ ነው። ካፒቴን በድምፅ ማጉያ «ወንድሞቼ፣ እኅቶቼ፣ ውሃ እኮ ቀልድ አያውቅም!» ይላል። ቡሽ የሞገዱ ገንዳ መሐል ገብታ እጇን ታወራጫለች፣ ትጮሃለች፣ ከዚያ ወደ ታች ትጠፋለች። አባቴ ያላየ መስሎ ወደ ሌላ ወገን ይመለከታል። ሰዉ «እዚያ ጋ! እዚያ ጋ!» ይላል። አባቴ እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ ሰማይ ያያል። ሰዉ ይጮሃል። ከፊት ረድፍ ከተቀመጠ ልጅ አይስክሬም ነጥቆ ይልሳል። ሰዉ በሳቅ ይሞታል። ከዚያ ድንገት «ውይ!» ብሎ ይወረወርና ክንዱ ላይ ታቅፏት ይወጣል። ቡሽ አንገቷን ጥላ፣ ምላሷን አውጥታ፣ አንድ ዓይኗን ገልጣ እኔን ትጠቅሰኛለች። ጭብጨባው ይቀልጣል።

እነዚያን ሁለት በጋዎች ከዕድሜዬ ሁሉ ለይቼ አስቀምጫቸዋለሁ። ከሌላ ከተማ በአውቶቡስ እየመጡ የሚሰለፉ ነበሩ። አባቴን መንገድ ላይ ሰው ቆሞ ሰላም ይለዋል። ቤት ውስጥ ሳቅ ነበር። እናቴና እትዬ ቲኬት ከሥራ ሲወጡ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው፣ የረጠበው ድንጋይ ላይ እግራቸውን እያቀዘቀዙ ሰው ያማሉ። ቡሽና እኔ ከባዶው ሸርተቴ ሥር ተኝተን እንሰማለን፤ ግማሹ ይገባናል፣ ግማሹን ቡሽ ከራሷ ጨምራ ትተረጉምልኛለች።

በሦስተኛው በጋ ውሃው ወተት ጠብ እንዳለበት ያለ መልክ ይዞ መጣ። ለእኔ እንዲያውም ቆንጆ ነበር። አንድ ቀን ልብስ መቀየሪያው ውስጥ ከመጋረጃው ኋላ ተቀምጬ፣ አባቴና ካፒቴን በር ላይ ቆመው ሲያወሩ ሰማሁ።

«አሮጊቷ እያቃታት ነው» አለ አባቴ። «ስታቃስት ነው የዋለችው።»

«ጠንካራ ናት፤ አትፍራ።»

«ጋሼ፣ አትችልም። ክዳኗም ተነቅሏል። በሽቦ አስሬዋለሁ፤ ግን ሽቦ እስከ መቼ ይይዛል?»

«የታዘዘላት እኮ መርከብ ላይ ነው፣ ወንድሜ። ወደብ ደርሷል ብለውኛል። እንደመጣ ትድናለች።»

«እስኪመጣ ይዘጋ።»

ካፒቴን የባርኔጣውን ጠርዝ ሲያሽከረክረው በመጋረጃው ቀዳዳ ይታየኛል። «ከዘጋን ሰዉ ይለምደዋል። አንዴ ከቀረ አይመለስም። ይቺን ቅዳሜ ብቻ እንለፋት፤ እሑድ በእጄ እዘጋዋለሁ።»

አባቴ ረጅም ትንፋሽ አወጣ። «ቅዳሜን ብቻ» አለ።

እኔ የገባኝ እንዲህ ነው። ካፒቴን አሮጊት ሚስት ኖራዋለች፤ ታማለች፤ አባቴ ደግሞ በሽቦ አስሯታል! ሮጬ እናቴን «እማዬ፣ አባዬ በሽቦ ያሰራት አሮጊት ማናት?» አልኳት። እናቴ የምታጥፈውን የዋና ልብስ ፊቷ ላይ አድርጋ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። «ያንቺ ጆሮ አንድ ቀን ከጭንቅላትሽ ይበልጣል» አለችኝ እንጂ አላስረዳችኝም። ለቡሽ ስነግራት ግን ነገሩን በቁም ነገር ያዘችው። ሽቦው እንዳይቆርጣት ቅባት ልንወስድላት ተማከርን።

አሮጊቷ የሞገዱ ገንዳ ፓምፕ ነበረች። አዲስ መግዛት ስላልተቻለ ከሆነ ፋብሪካ የመጣች ያገለገለች ማሽን ናት። ክዳኗ የተባለው ደግሞ ውሃው ወደ እሷ የሚሳብበት፣ ከገንዳው ወለል ላይ ያለው ቀዳዳ የሚሸፈንበት የብረት ወንፊት ነበር። ይህን ያስረዳኝ ሰው እስኪገኝ ብዙ ዓመት አለፈ።

ያ ቅዳሜ በጣም ሞቃት ነበር። ቡሽ ከጠዋት ጀምሮ ተቆጥታኛለች፤ ማበጠሪያዋን ጥዬባት። ፀጉሯን ሳትጎነጉን እንደተለቀቀ ትታው፣ «ዛሬ ስሰጥም እንዳታጨበጭቢ! ካንቺ ጭብጨባ አልፈልግም» አለችኝ። ከዚያ ትንሽ ሄዳ ተመልሳ መጣችና፣ ከምትበላው ብስኩት የቀረውን አፌ ውስጥ ወትፋ ሄደች። እርቁ ይኸው ነው።

ካፒቴን ንግግሩን አደረገ። ቡሽ ገባች፤ እጇን አወራጨች፤ ጮኸች፤ ወረደች። ከውሃው ሥር ምንም አይታይም ነበር፤ ወተት ነው። አባቴ ሰማይ አየ። «እዚያ ጋ!» አልን። ጆሮውን ወደ እኛ አዞረ፤ «አ? አልሰማሁም!» አለ። ተንፈራፈርን። የዚያን ቀን የተሰበሰበው ሰው ብዛት ለጉድ ነበር፤ ሳቁ ከወንበሩ ሥር እንደ ከበሮ ሲመታ ይሰማኛል። አይስክሬም ነጠቀ፤ ላሰ፤ መለሰለት፤ እንደገና ነጠቀው። ይህቺ ያን ዕለት የጨመራት አዲስ ቀልድ ናት። አንዲት ሴትዮ ሆዷን ይዛ ከመቀመጫዋ ተንሸራተተች።

ከዚያ ወደ ውሃው ዞር ብሎ አየ። ፊቱ ላይ አንድ ነገር ጠፋ። አይስክሬሙ ከእጁ ወደቀ፤ ልጁ «የኔን!» ብሎ ጮኸ፤ ሰዉ ለዚህም ሳቀ። አባቴ ገባ። ወጣ፤ ባዶውን። ተነፈሰና ተመልሶ ገባ። እንደገና ባዶውን ወጣና «አጥፏት! አሮጊቷን አጥፏት!» ብሎ ጮኸ። አንዱ ሠራተኛ ወደ ማሽኑ ክፍል ሲበር አየሁ። ማጉረምረሙ ቆመ። አባቴ ለሦስተኛ ጊዜ ገባና ብዙ ቆየ። ሲወጣ ቡሽ ክንዱ ላይ ነበረች። አንገቷ ወደ ኋላ፤ ፀጉሯ ከፊሉ ተቆርጦ፤ ዓይኗ ግን ሁለቱም ክድን ያሉ።

እንዲህ አሳምራ ተጫውታው አታውቅም። ወንበር ላይ ወጣሁና አጨበጨብኩ። ዙሪያዬ ያለው ሰው ሁሉ አጨበጨበ። እንዳታጨበጭቢ ብትለኝም፣ አሁን እንደምትጠቅሰኝ አውቃለሁና ዓይኔን ከዓይኗ አልነቀልኩም። አባቴ ወለሉ ላይ አስተኝቷት ደረቷን መጫን ሲጀምር ጭብጨባው ከፊት ረድፍ እየሳሳ ወደ ኋላ ሄደ። ከኋላ ያሉት ግን ገና እያጨበጨቡ ነበር። ከአጥሩ ውጪ፣ በትንሿ መስኮት በኩል ቲኬት እየቆረጠች የነበረችው እትዬ ያን ጭብጨባ ሰምታ ለሚቀጥለው ባለተራ «ይኸው፣ ልጄ ወጣች» ብላዋለች። ይህን ሰውዬው ራሱ ነው ለሰው የተናገረው።

የእናቴ እጅ ከኋላዬ መጥቶ ዓይኔን ሸፈነው። ክሎሪን ሸተተኝ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ አጎቴ በአውቶቡስ አያቴ ቤት ወሰደኝ። ለአንድ ሰሞን የተባለው ትምህርት እስኪከፈት ሆነ። ማንም ምንም አልነገረኝም፤ አያቴ በጣም ትስመኝ ነበር፤ አጎቴ ብስክሌት ገዛልኝ። የደስታ ጉዞ መሰለኝ።

ስመለስ ቡሽ የለችም። የእነ ቡሽ ቤት በር ላይ ሌሎች ሰዎች ልብስ አስጥተዋል።

«እትዬ ቲኬት የት ሄደች?»

«አገር ቀየረች» አለች እናቴ ጀርባዋን ሰጥታኝ።

«ቡሽስ?»

«እሷም።»

«ባሕር ወዳለበት?»

 «አዎ» አለች እናቴ። ያን መልስ ያቀበልኳት እኔ ነኝ፤ እሷ ተቀበለችኝ እንጂ አልፈጠረችውም።

አባቴ ጢሙን አሳድጎ ከስቷል። «ሥራ ሄጄ ነበር» አለኝ። በእነዚያ ወራት ታስሮ ነበር። ጥፋቱ የሱ ብቻ አይደለም ተብሎ ነው የተለቀቀው። እኔ ግን የገረመኝ ፊሽካው አንገቱ ላይ አለመኖሩ ብቻ ነበር።

ካፒቴንን ያገኘሁት የሞገዱ ገንዳ ውስጥ ነው። ውሃው ተለቅቆ ሰማያዊው ወለል ተሰነጣጥቋል። እሱ መሐል ላይ ቆሞ ቅጠል ይጠርጋል። ንፋሱ ሌላ ቅጠል ያመጣል፤ እንደገና ይጠርጋል። በደረጃው ወርጄ አጠገቡ ቆምኩ።

«ጋሼ ካፒቴን፣ ለምን ባዶ ሆነ?»

«ሰው ቀረ፣ ሚጡ። ከፍተነው ነበር እኮ፤ ማንም እግሩን አላስነካም።»

ወዲያው ገባኝ። ቡሽ ስለሄደች ነው! እሷ የሌለችበትን ትርኢት ማን ያያል? ንዴቴ መጣ። «ቡሽን በመርከብ የላኳት እርስዎ ነዎት፣ አይደል?»

መጥረጊያው ቆመ። ካፒቴን አየኝ፤ ከዚያ ወለሉን አየ። አዲስ ወንፊት ተገጥሞበታል፤ የሚያብረቀርቅ፣ ከዙሪያው ቀለም ጋር የማይሄድ። የታዘዘው ደርሶ ነበር።

«አዎ» አለ። «እኔ ነኝ የላክኋት።»

«እኔንስ ለምን አልላኩኝም?»

«አንቺን አባትሽ አይለቅሽም፣ የኔ ልጅ። አይለቅሽም።» ባርኔጣውን ፊቱ ላይ ደፋው። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ የሳቀብኝ መስሎኝ አኩርፌ ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ቶሎ ቶሎ ሆነ። ካፒቴን ቦታውን ለሠርግ ፎቶ ማከራየት ሞከረ፤ ሙሽሮች አልመጡም። ቢጫው ሸርተቴ ነጣ፤ «ነፍሴን አደራ» ሮዝ መሰለ። ሰማያዊው ውስጥ ድመት ወለደች። አንድ ጠዋት ካፒቴን በሩን ሳይቆልፍ ሄደ፤ ወዴት እንደሄደ የሚያውቅ የለም። ብረታ ብረት ገዢዎች መጥተው ሸርተቴዎቹን በመጋዝ ቆራርጠው ጫኑ። የመጋዙ ድምፅ ቤታችን ድረስ ይሰማ ነበር፤ አባቴ ጆሮውን በሁለት እጁ ይዞ አልጋ ላይ ዋለ። ቦታው ዛሬ የሲሚንቶ መጋዘን ነው። አባቴ ወደ ጆንያው ተመለሰ።

እኔ ቡሽን ለዓመታት ተቀየምኳት። ደብዳቤ እንኳን አትጽፍም? የአባቴን ሥራ፣ የእናቴን ሳቅ፣ ውሃውን ሁሉ ይዛ ሄዳ፣ የሆነ ባሕር ዳር ስትንቦራጨቅ በዓይነ ሕሊናዬ አያት ነበር። አድጋ፣ ረዝማ፣ ሌላ ጓደኛ ይዛ።

ስድስተኛ ክፍል ስደርስ አንዲት አዲስ ልጅ በዕረፍት ሰዓት ጠብ ያዘችኝና «አባትሽ አይደለም እንዴ ልጅ ያሰጠመው?» አለችኝ።

«የትኛዋን ልጅ?»

«ያቺን፣ ቡሽ የምትባለዋን።»

ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። «ቡሽ? ቡሽ እኮ አትሰጥምም!» ጓደኞቼም አብረውኝ ይስቃሉ ብዬ ዞርኩ። አንዳቸውም አልሳቁም። እግራቸውን ያያሉ። ሁሉም ያውቁ ነበር።

ቤት ስደርስ እናቴ ልብስ ትተኩሳለች። ቀልዱን ነገርኳት፤ ቀልድ እንዲሆን ፈልጌ፣ እየሳቅሁ። ካውያውን ብድግ አድርጋ እንደያዘች ቆመች፤ የት እንደምታስቀምጠው የጠፋት ይመስል። ከዚያ ከሶኬቱ ነቀለችው፤ ወለሉ ላይ ተቀመጠችና እኔንም አስቀመጠችኝ። ሁሉንም ነገረችኝ። ስለ ወንፊቱ፣ ፓምፑ ፀጉሯን ስቦ ስለ መያዙ፣ አባቴ ከሥር ሆኖ በጥርሱም በእጁም ፀጉሯን ለመበጠስ ስለ መታገሉ። «እኔ አላሳደግኋትም እንዴ?» አለች እናቴ መጨረሻ ላይ። «በስንት ቃል ልንገርሽ? አንቺ ወንበር ላይ ቆመሽ ስታጨበጭቢ ነው ያየሁሽ። ያንን ከእጅሽ ላይ በምን አጥቤ ልንገርሽ?»

አባቴ ከገበያ ሲገባ በር ላይ አየኝና ገባው። ጓሮ ወጥቶ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ሄጄ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«ነገረችሽ?»

«አዎ፣ አባዬ።»

«ሁሉንም?»

«እሷ የምታውቀውን።»

መዳፎቹን ገልብጦ አያቸው። «እናትሽ የማታውቀውን ልንገርሽ። ሰዉ ስለ ፓምፑ ያወራል። ልክ ናቸው፤ አሮጊቷ ታማ ነበር፤ ተናግሬያለሁም። ግን ያን ቀን ሳቁ ጣፈጠኝ። እንደዚያ ስቀውልኝ አያውቁም። ያቺን የአይስክሬሟን ነገር ደገምኳት። ባልደግማት ኖሮ።»

  ራሴን ትከሻው ላይ ጣልኩት፤ እስኪመሽ እዚያው ተቀመጥን።

አባቴ ባለፈው ክረምት አረፈ። ልብሱን እየለየን ሳለ እናቴ ድንገት «ለእትዬ ማን ይነግራታል?» አለች። የት እንዳለች ታውቅ ኖሯል። አባቴ በየዓመቱ በጋ ሲገባ የሚሄደው እሷ ዘንድ ነበር፤ እናቴ ስንቁን አዘጋጅታ ትሸኘው ነበር። ተሳፈርኩና ሄድኩ።

ባሕር የለውም ከተማው። ከእኛው የባሰ ደረቅ ነው። እትዬ ክርና ቁልፍ የምትሸጥባት፣ ለአንድ ሰው የምትጠብ ሱቅ አላት። አርጅታለች፤ መነጽሯን በክር አስራዋለች። ደንበኛ መስያት «ምን ቀለም ልስጥሽ?» አለችኝ። ማን እንደሆንኩ ስነግራት እጇን ባንኮኒው ላይ አሳረፈች።

«እሱ ነው የላከሽ?»

«አባዬ አርፏል፣ እትዬ።»

ቀስ ብላ ተቀመጠች።  «እኔ እኮ ዘንድሮ ሲቀርብኝ ሰደብኩት» አለች። «ረሳን አልኩ። ጮክ ብዬ፣ እዚሁ ብቻዬን ቆሜ ሰደብኩት።»

ውሃ ላመጣላት ስነሳ በእጇ መለሰችኝ።

«መጀመሪያ የመጣ ጊዜ በሩን ፊቱ ላይ ዘጋሁት። ደጁ ላይ ዋለና ሄደ። በዓመቱ መጣ፤ አሁንም ዘጋሁት። ድንጋይ ወርውሬበታለሁ፣ ልጄ፤ አልሸሸም። ከዚያ አንድ ጊዜ ዝናብ ያዘው። ውሃ ሲወርድበት ሳይ… ውሃ እኮ ነው፤ እንዴት ልየው? ግባ አልኩት።»

«ምን ታወሩ ነበር?»

«መጀመሪያ ምንም። ኋላ ስለ እሷ። እዚህ አገር ልጅ እንደነበረችኝ የሚያውቅ የለም፤ እኔም አልተናገርኩም። ስሟን እየጠራ የሚያወራኝ ሰው እሱ ብቻ ነበር። የምጠላውም የምጠብቀውም አንድ ሰው ሆነብኝ። እሱ የሚያውቃትን ሁሉ ነግሮኝ ጨርሷል፤ ሲያልቅበት ከመጀመሪያው ይጀምርልኛል። እኔም እንዳልሰማሁ ሆኜ እሰማዋለሁ።» መነጽሯን አወለቀች። «አሁን ማን ይነግረኛል?»

«እኔ እመጣለሁ፣ እትዬ።»

«ቃል አትግቢልኝ። ቃል አልፈልግም።» ተነስታ የሱቁን በር ገርበብ አደረገችና ወንበሯን ወደ እኔ ሳበች። «ብቻ ዛሬ ካልቸኮልሽ… አንቺ እኮ አብረሻት ውለሽ ትገቢ ነበር። እሱ የማያውቀው ይኖርሻል። ያን ቀን ጠዋት፣ እኔ ከወጣሁ በኋላ፣ ምን ስትሆን ነበር?»

ለማንም ተናግሬው የማላውቀው ነገር ነበር። ማበጠሪያዋን ጥዬባት ስትቆጣኝ፣ ያለችኝን፣ ተመልሳ መጥታ ብስኩቷን አፌ ውስጥ የወተፈችውን፣ ፍርፋሪው ካናቴራዬ ላይ ሲወድቅ በእጇ አራግፋልኝ መሄዷን። ቶሎ ቶሎ ተናገርኩት፤ እንዲያልፍልኝ።

እትዬ ክንዴን ያዘችኝ።

«ቀስ በይ» አለችኝ። «አታሩጪብኝ። ምን ዓይነት ብስኩት ነበር?»